የከተማችን የጥርስ ሐኪም ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸውን እንዴት እንጻፍ?

ቀብሩ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ስለሚሆን ለመጻፍ የሚተርፋችሁ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ሌሊት ነው። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት፤ ለቀብሩ አንድ ገጽ፣ ለአርባው ደግሞ ሰፊውን። የቀብሩ ጽሑፍ ሲነበብ ከአምስት ደቂቃ ባይበልጥ ይሻላል። ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ በሰዓት ለኩት፤ በዓይን ሲነበብ አጭር የመሰለ ገጽ በድምፅ ሲነበብ ይረዝማል።

መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃዎቹን፣ የሙያ ፈቃዱንና የቅጥር ደብዳቤዎቹን ሰብስቡ። ስህተት በብዛት የሚገባው በዓመተ ምሕረት ላይ ነው። በውጭ አገር የተማሩ ከሆነ ዲፕሎማው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለውን 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ ያለውን 8 ቀንሱለት። ጁን 1984 የተጻፈበት ማስረጃ የ1976 ዓ.ም. ነው፤ ኦክቶበር 1984 ግን 1977 ዓ.ም. ይሆናል። ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ካደባለቃችሁ ሰውዬው ከመመረቃቸው በፊት ሥራ የጀመሩ ይመስላሉ።

ማዕረጋቸውን እንደነበረ ጻፉ። ከተማው ሁሉ «ዶክተር» እያለ የሚጠራቸው ብዙ ባለሙያዎች በትምህርታቸው የጥርስ ቴራፒስት፣ ነርስ ወይም ድሬሰር (ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ ረዳት ጤና ባለሙያ) ነበሩ። ይህ ክብራቸውን አይቀንስም። በድሬሰርነት ጀምሮ የአንድ ከተማ ሰው ጥርሱን አምኖ የሚሰጠው ባለሙያ መሆን ትልቅ ታሪክ ነው፤ ማዕረግ ጨምራችሁ አትሸፍኑት።

ከዚህ በኋላ ያለው ዋናው ነው። ቤተሰብ ስለ አባትነታቸው ወይም ስለ እናትነታቸው ይነግራችኋል፤ ሥራቸውን የሚያውቁት ግን ረዳታቸው፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛና መሣሪያ ያጥቡ የነበሩት ሰው ናቸው። «እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ታታሪ» የሚል መልስ ታገኛላችሁ፤ ይህ በየቀብሩ የሚነበብ ነው። በዚህ ፈንታ የሠሩትን ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ እንዴት ይሠሩ ነበር? መሣሪያ ይቀቅሉ የነበረው በምን ነው፣ በ121 ዲግሪ በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን የገባውስ መቼ ነው? የሚፈራ ሕፃን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር? ሊነቀል የመጣ ጥርስ መዳን ሲችል ባለጥርሱን ምን ብለው ያሳምኑት ነበር? ገንዘብ ያልያዘ ሰውስ? «ለድሆች ያዝኑ ነበር» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ይልቅ በየትኛው ቀን በነፃ ያክሙ እንደነበር የሚናገር አንድ መስመር ይበልጣል፤ ለቀስተኛው ውስጥ ያንን ቀን የሚያስታውስ አይጠፋም።

የሠሩበትን አካባቢ የጥርስ ችግርም አትዝለሉ። በስምጥ ሸለቆ፣ በአዳማና በወንጂ፣ በመተሐራ ወይም በባቱ አካባቢ የሠሩ ከሆነ የዕድሜያቸው ሥራ የበለዘ ጥርስ ነበር ማለት ይቻላል። ምክንያቱ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውኃ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ያልፋሉ። ጥርሱ የሚጎዳው ድድ ውስጥ ሳለ፣ ከውልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ነው። ለዚህ ነው አድጎ ወደ ከተማው የመጣ ሰው ጥርሱ የማይበልዘው፤ ለዚህም ነው የበለዘውን መፋቅ የማያነጣው። ሐኪሙ ወይም ሐኪሟ ለስንት ወጣት «ጥፋቱ የመፋቂያህ አይደለም» ብለው ከኀፍረት እንዳወጡት የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ፣ ይህን ጻፉ።

ሌላው የሕፃናትን ያልበቀለ ጥርስ ከድድ ፈልፍሎ የማውጣት ልማድ ነው። ተቅማጥና ትኩሳት የያዘው ሕፃን ድዱ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው እብጠት ለወላጆች ትል ወይም በሽታ ይመስላቸዋል፤ እርሱ ግን ሊበቅል የተቃረበ የወተት ክራንቻ ነው። በተሳለ ነገር ሲወጣ ደም ይፈስሳል፣ ይመረቅዛል፣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ክራንቻም ይበላሻል ወይም ጭራሽ አይበቅልም። ሐኪሙ ይህን ለእናቶች ያስተምሩ ከነበረ በየትኛው ጤና ጣቢያ፣ በየትኛው ዕለት፣ ከየትኛዋ አዋላጅ ጋር እንደነበር አጣሩ። ማንም ሳያመሰግናቸው የዳነው ጥርስ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ለአርባው ጽሑፍ የሕሙማን ካርዶችን ማገላበጥ ያምራችሁ ይሆናል። ካርዱ የታካሚው ምስጢር ስለሆነ ማገላበጡን ለሙያ ባልደረባቸው ተዉት፤ ስምም ከዚያ አይወጣም። የጥርስ ቁጥር ከተነገራችሁም አነባበቡን እወቁ። «36» ሠላሳ ስድስት ጥርስ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው አኃዝ የአፍን ሩብ ያመለክታል፤ ቀኝና ግራው የታካሚው ነው፦ 1 ቀኝ ላይኛው፣ 2 ግራ ላይኛው፣ 3 ግራ ታችኛው፣ 4 ቀኝ ታችኛው፤ ለወተት ጥርስ ከ5 እስከ 8 ነው። ሁለተኛው ከፊት መሐል ጀምሮ ይቆጥራል። ስለዚህ 36 በግራ በታች ያለው የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋ ነው።

ክሊኒኩ የግላቸው ከነበረ ከአርባው በፊት አንድ አስቸኳይ ሥራ አለ። ባልደረባቸው ሕክምናቸው ያላለቀ ሰዎችን ከካርዱ ይለይ፦ የሥር ሕክምና ተጀምሮላቸው በጊዜያዊ መሙያ የተዘጋላቸውን፣ ሽቦ ያሰሩ ልጆችን፣ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ልክ የተወሰደላቸውን። መጀመሪያ ለባለ ጊዜያዊ መሙያዎቹ ደውሉ። መሙያው የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው፤ ከተሸረፈ ምራቅና ምግብ ገብቶ ጥርሱ እንደገና ይመረቅዛል፣ የተጀመረውም ሥራ ከንቱ ይቀራል። እያንዳንዱ ታካሚ የካርዱን ቅጂና ራጁን ይዞ ወደ መረጠው ክሊኒክ ይሂድ፤ የተረከበበትንም ፈርሞ ይውሰድ።