ሲስተም ስታስገቡ ከመጋዘን ጀምሩ

ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ የታሸገ ውሃ አከፋፋይ ድርጅት ስድስት ዓመት ስቶር ኪፐር ነበርኩ፤ ዛሬ እዚያው ሲስተም፣ ማለትም ዕቃና ሽያጭ የሚመዘገብበትን ሶፍትዌር፣ አስተባብራለሁ። "ዲጂታል ሆነናል" ሲባል አለቆች ባለ ቀለም ግራፍ ያያሉ። መጋዘን ውስጥ ግን ሥራው እጥፍ ነው፦ ቢን ካርዱም (የዕቃ ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበት ወረቀት) ይሞላል፣ ኮምፒዩተሩም ይሞላል።

ስለዚህ ወረቀቱ የሚቆምበትን ቀን ቆርጣችሁ ግቡ። እኛ "ለጥንቃቄ" ብለን ስምንት ወር አቆየነው። ሰዉ የሚያምነው ካርዱን ስለነበር ሲስተሙ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በጅምላ ይገለበጥ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ጠዋት የሚወስነው እንግዲህ በዚያ ቁጥር ነው። አንድ ወር ይበቃል፤ በወሩ መጨረሻ ቆጠራ አድርጉ፣ ልዩነቱን ተፈራረሙ፣ ካርዱን ሰብስቡ።

የሶፍትዌሩ ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ነው። የበጀት ዓመታችሁ ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነና ሶፍትዌሩ ዓመቱን ጁን 30 ላይ ከዘጋው፣ ያ ቀን ሰኔ 23 ነው። የሰባት ቀን ሽያጭ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትዘጋ ወይስ ለብቻዋ? ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ውል ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሲስተም የሚሞተው ግን መሃል ላይ፣ መምሪያ ኃላፊዎች ዘንድ ነው። ድሮ ሥራ አስኪያጁ ስንት እሽግ ውሃ እንደቀረ ለማወቅ የሽያጭ ኃላፊውን ያስጠራ ነበር። ያ መጠራት ራሱ ሥልጣን ነው። ቁጥሩ በአለቃው ስልክ ላይ ሲመጣ የሽያጭ ኃላፊው ምን ይሥራ? የኛው ኃላፊ "ኔትዎርክ የለም" ማለት አበዛ። አልፈረድኩበትም፣ ፈርቶ ነው። ነገሩ የተቃናው ከ30 ቀን ያለፈ ዱቤን ከሲስተሙ እያወጣ ደንበኛ ዘንድ የሚሄደው እሱ እንዲሆን ሲደረግ ነው። የተሳሳተ ዝርዝር ይዞ ባለሱቅ ፊት አንዴ ካፈረ በኋላ፣ "ደረሰኝ ሳታስገቡ ወደ ቤት የለም" የሚለው እሱ ሆነ።

ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ሾፌሮቻችን ከየሱቁ ጥሬ ገንዘብ ይዘው መዞራቸው ቀንሷል። ስክሪንሾት ግን ማስረጃ አይደለም፤ ካሸሯ የግብይት ቁጥሩን ከድርጅቱ ሂሳብ ጋር ሳታመሳክር ዕቃ አይውረድ።

ሥራ አስኪያጅ ከሆናችሁ ግራፉን ተዉትና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ወር ለመዝጋት ስንት ቀን ፈጀ፣ ቆጠራና ሲስተም በስንት ተለያዩ፣ ዱቤ በስንት ቀን ገንዘብ ሆነ። ሲስተሙ ከመግባቱ በፊት የነበረውን መልስ ዛሬውኑ ጻፉ፤ ኋላ ማነጻጸሪያ አይገኝም።

መብራት ሲጠፋ የሚሞላ፣ ገጹ ቁጥር የተመታበት አንድ ደብተር ይኑር፤ መብራት በመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገልበጥ። የኛው መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ቁልፉም አንድ ብቻ ነው።