ለትንሽ ግቢ ሳር ማጨጃ ማሽን ሲመርጡ

200 ካሬ ላይ ያረፈ የአዲስ አበባ ቤት፣ ሰርቪሱ፣ የመኪና ማቆሚያውና ንጣፉ ሲነሳለት ለሳር የሚተርፈው 40 ወይም 50 ካሬ ቢሆን ነው። ለዚህች ቁራጭ መሬት ሱቅ የገባ ሰው ግን መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ትልቁ የቤንዚን ማሽን ላይ ነው።

እስቲ እናስላው። 35 ሴንቲ ሜትር የሚያጭድ ማሽን በየመስመሩ 5 ሴንቲ እየደረበ ሲሄድ 50 ካሬ ለመጨረስ 170 ሜትር ያህል ይገፋል። 53 ሴንቲው ያንኑ በ105 ሜትር ይጨርሳል። ትርፉ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሰፊው ማሽን ደግሞ በአጥሩና በጽጌረዳው መሀል እንደ ልብ አይዞርም፤ 30 ኪሎ ያህል ስለሚመዝንም ደረጃ ላይ ለማውጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ከ32 እስከ 40 ሴንቲ ለትንሽ ግቢ ይበቃል።

ምርጫውን የሚወስነው ሳሩ ነው። በከተማችን ግቢዎች በብዛት የሚታዩት ሁለት ናቸው፤ ሰርዶና ኪኩዩ። ሰርዶ ቅጠሉ ቀጭን ነው፣ መሬት ላይ ተለጥፎ ይሄዳል፣ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ቢታጨድ ይስማማዋል። ኪኩዩ ወፈር ያለ፣ ደመቅ ያለ አረንጓዴ ሲሆን ሐረጉ እርስ በርሱ እየተደራረበ እንደ ፍራሽ ይሆናል። መለየት ካቃተዎት ጣትዎን ወደ ሳሩ ሰደው አፈሩን ለመንካት ይሞክሩ። አፈሩ ጋ ከመድረስዎ በፊት 3 ሴንቲና ከዚያ በላይ የደረቀ ጭራሮና ሐረግ ካጋጠመዎት፣ በእጅ የሚገፋውን ሞተር አልባ ማሽን ከወዲሁ ይርሱት፤ ጎማው ይሰምጣል፣ ስለቱም ሐረጉ ላይ ይቆማል።

ሰርዶው ለጥ ባለ መሬት ላይ ከሆነ ግን ከእጅ ማሽኑ የሚሻል የለም። ሞተር የለውም። ሲገፉት ጎማው ጥምዝ ስለቶቹን ያሽከረክራል፣ እነሱም ከታች ካለው ቋሚ ስለት ጋር እየተገናኙ ሳሩን እንደ መቀስ ይቆርጡታል። መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም፣ ጎረቤትም አይረብሽም፤ እሁድ ጠዋት ለሚያጭድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለ 5 ስለቱ ለተራ ሥራ ይሆናል፣ ባለ 7ቱ ለቀጭን ሳር ይበልጥ ያምራል። ድክመቱ ሁለት ነው። ሳሩ ከ8 ሴንቲ ካለፈ ከመቁረጥ ይልቅ ያስተኛዋል፤ ትንሽ እንጨት ወይም ጠጠር ከገባበት ደግሞ ቀጥ ይላል። ክረምት ላይ ሁለት ሳምንት ዘግተው ክፍለ ሀገር የሚሄዱ ከሆነ፣ ሲመለሱ መጀመሪያ በማጭድ ማሳጠር ግድ ይሆናል።

የእጅ ማሽን ሲገዙ ሱቁ ውስጥ በጋዜጣ ይፈትኑት። ቁራጭ ጋዜጣ በሁለቱ ስለቶች መሀል ይዘው ስለቱን ቀስ ብለው በእጅዎ ያዙሩ፤ ጣትዎን ግን ያርቁ። በግራ፣ በመሀልና በቀኝ ወረቀቱን ቁርጥ ካደረገው ደህና ነው። አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ ካጠፈው፣ በሁለቱ ዳር ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖች በሩብ ዙር እያጠበቁ ደግመው ይሞክሩ። መሀሉ ላይ ብቻ የማይቆርጥ ከሆነ ቋሚው ስለት ጎብጧልና ሌላ ያስመርጡ። ብሎኑን ከልክ በላይ ማጥበቅም መፍትሔ አይሆንም፤ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ መግፋቱም ይከብዳል።

ኪኩዩ ላለው ሰው በገመድ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ማሽን ይሻላል። ከ1,200 እስከ 1,600 ዋት ያለው ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሞተር የሚያቃጥለው ገመዱ ነው። ለመብራት የሚያገለግለው ቀጭን ገመድ ሲረዝም ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሞተሩ እየተጨነቀ ይግላል፣ በመጨረሻም ይሸታል። ከ25 እስከ 30 ሜትር ድረስ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ባለ ሦስት ሽቦ፣ ለውጭ የሚሆን ባለ ጎማ ገመድ ይግዙ። በጥቅልል ያለ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ እንደተጠቀለለ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ የለውም። መስመሩ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር በቅጽበት የሚያቋርጥ የ30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ከሌለው፣ ከማሽኑ በፊት ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ማጨድ የሚጀመረው ሶኬቱ ካለበት ጫፍ ነው። እየራቁ ሲሄዱ ገመዱ ከኋላዎ፣ በታጨደው ላይ ይቀራል።

ዘመድ ከአሜሪካ ይዞልኝ ይምጣ ለሚል ሰው አንድ ሁለት ነገር። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። የገመድ ማሽናቸውን እዚህ በቀጥታ መሰካት ማቃጠል ነው። ባለ ባትሪው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የቻርጀሩ ጀርባ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ካልተጻፈ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። አውሮፕላንም አለ። 40 ቮልት ተብለው የሚሸጡት ባትሪዎች ትክክለኛ ልካቸው 36 ቮልት ነው። 4 አምፔር ሰዓት የሚይዘው 144 ዋት ሰዓት ስለሚሆን በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይገባል። ባለ 5ቱ ግን 180 ይሆናል፤ ከ160 በላይ የሆነ ትርፍ ባትሪ ደግሞ ለመንገደኛ አይፈቀድም። ማሽኑ ደርሶ ባትሪው አየር ማረፊያ ከቀረ ምን ዋጋ አለው?

ቤንዚን ከ400 ካሬ በታች አልመክርም። አንደኛ፣ ማደያ ሄዶ በጀሪካን ማስቀዳት ራሱ ጣጣ ነው። ሁለተኛው የከፍታው ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ገደማ ያጣል፤ 2,400 ሜትር አካባቢ ላለ ሰው ሩቡ ሄደ ማለት ነው። አየሩ ስስ ሲሆን ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን ቀዳዳው ጠበብ ባለ መቀየር ያስተካክለዋል፤ ሻጩ ያንን ማቅረብ ይችል እንደሆነ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። አዲስ የቤንዚን ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ዘይት ነው የሚመጣው። ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ሳይጨምሩ ገመዱን ከሳቡ ሞተሩ የዚያኑ ቀን ሊነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ ሊቆም ይችላል። ዘይቱ መጀመሪያ ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ50 ሰዓቱ ይቀየራል።

ያገለገለ ከሆነ የካንዴላውን ገመድ ነቅለው ማሽኑን ያጋድሙት፤ ካርቡሬተሩ ወደ ላይ ይሁን፣ አለዚያ ዘይቱ ወደ አየር ማጣሪያው ይገባል። ስለቱን በጓንት ይዘው ቀስ እያሉ ሲያዞሩ ጫፉ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ስለቱ ወይም ዘንጉ ድንጋይ መትቶ ጎብጧል። የጎበጠ ዘንግ አይጠገንም በሉት፤ ዋጋ መከራከርም አያስፈልግም፣ ትተውት ይውጡ። ሌላው የሚታየው እጀታው ላይ ያለው የማቆሚያ ዘንግ ነው። ሲለቁት ስለቱ በሦስት ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት። ዘንጉ በሽቦ ታስሮ ካገኙት፣ ባለቤቱ ሌላውን ጥገና እንዴት እንደያዘው ከዚያው ይገባዎታል።

የትኛውም ማሽን ከመጣ በኋላ ከሳሩ ቁመት ከሲሶው በላይ በአንዴ አይቁረጡ። 6 ሴንቲ የደረሰው ወደ 4 ይውረድ። ክረምት ላይ ይህ በየሳምንቱ ማጨድን ይጠይቃል፤ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከሰዓት ዝናቡ ሳይመጣ፣ ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመቻል። በነጋታው የሳሩ ጫፍ ተሸልቅቆ ከነጣ ወይም ቡናማ ከሆነ በሽታ አይደለም፣ የባለ ሞተሩ ማሽን የሚሽከረከረው ስለት ደንዟል። ይንቀሉት፤ ከመንቀልዎ በፊት ወደ መሬት የሚያየውን ፊት በቀለም ምልክት ያድርጉበት፣ ተገልብጦ የተገጠመ ስለት አይቆርጥምና። የነበረውን ተዳፋት ተከትለው በሞረድ ይሳሉት፣ ሁለቱን ጫፎች እኩል ጊዜ። ከዚያ መሀሉን ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ባለ ሚስማር ይስቀሉት፤ አንዱ ጎን ካዘነበለ፣ ካዘነበለው ጎን ትንሽ ይሞረዳል። ሚዛኑን ያልጠበቀ ስለት ማሽኑን ያንቀጠቅጣል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል።

የታጨደውን ለበዓል ለታሰረው በግ መስጠት የተለመደ ነው። በዚያው ሰዓት፣ ከሌላ መኖ ጋር ትንሽ በትንሽ ይሁን። ተከምሮ ያደረ እርጥብ ሳር ይግላል፣ ይቦካል፣ የበጉንም ሆድ ይነፋል። ዘይት የሚያንጠባጥብ ማሽን ያጨደው ወይም መድኃኒት የተረጨበት ከሆነ ጨርሶ አይሰጥም።