አራት ኪሎን እየዞሩ አንግል መረዳት

አራት ኪሎ ሐውልቱን በሚኒባስ አንድ ሙሉ ዙር ብትዞሩት 360 ዲግሪ ሄዳችኋል፣ ግን ያላችሁት እዛው ነው። ኮተርሚናል አንግል በቃ ይሄው ነው፦ የዞራችሁት መጠን ይለያያል፣ የምትቆሙበት መስመር ግን አንድ ነው። (ደግሞ እኛ አገር አደባባይ የሚዞረው ከሰዓት ተቃራኒ ነው፤ ፖዘቲቭ አንግልም እንደዛው!) ስለዚህ 360 መደመር ወይም መቀነስ ብቻ ነው። 765 ሲሰጣችሁ አትደንግጡ። 360ን ሁለቴ ቀንሱ፣ 45 ይቀራል። ኔጌቲቭ ከሆነ ደምሩ፤ -150 ላይ 360 ሲደመር 210 ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ሪፈረንስ አንግል ላይ ነው፤ እሱ ማለት የምትቆሙበት መስመር ከኤክስ አክሲስ (ከአግድሙ መስመር) ጋር የሚሰራው ትንሹ አንግል ነው። ሁሌም የሚለካው ከኤክስ አክሲስ ነው፣ ከዋይ በጭራሽ። መጀመሪያ አንግሉን ከ0 እስከ 360 ውስጥ አስገቡት፣ ከዛ ሁለተኛው ኳድራንት (ሩብ ዙር፣ ከ90 እስከ 180) ላይ ካረፈ ከ180 ቀንሱት፣ ሦስተኛው ላይ ከሆነ ከራሱ ላይ 180 ቀንሱ፣ አራተኛው ላይ ከሆነ ደግሞ ከ360 ቀንሱት፤ አንደኛው ላይ ራሱ ነው። የ210 ሪፈረንስ 30 ነው። የሳይኑ መጠን ከሪፈረንሱ ሳይን ጋር አንድ ነው፣ ምልክቱን የሚወስነው ኳድራንቱ ነው። ሳይን 30 ግማሽ ነው፣ ሦስተኛው ኳድራንት ላይ ሳይን ኔጌቲቭ ስለሆነ ሳይን 210 ኔጌቲቭ ግማሽ ይሆናል። ይቺን ምልክት እየረሳሁ ስንት ማርክ እንደጣልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።