«ጓንት አድርጌያለሁ እኮ!»

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ተንከባካቢ የጠዋት ተረኛ ነበረች። ትጉህ ልጅ ናት። የአንዲት እማማን ዳይፐር ቀየረች። በዚያው ጓንት አንሶላውን አስተካከለች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ የበሩን እጀታ ይዛ ወጣች። ጎረቤት ክፍል ገባችና የአንድ አባባን የአጥሚት ኩባያ አነሳች። «ቆይ! እጅሽ!» ብዬ ጮህኩ። እንደተማረከ ወታደር ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ አሳየችኝ። «ሲስተር፣ ጓንት አድርጌያለሁ እኮ!»

ደብረ ብርሃን ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነርስ ነኝ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አላውቅም። ጨጓራዬን ልጣዋለች።

ልጄ፣ ጓንቱ የሚጠብቀው አንቺን ነው። አባባን አይጠብቅም። ጓንቱ ላይ ያለው ነገር ወደ ኩባያው ይሄዳል፣ ከኩባያው ወደ ከንፈር። እንዲያውም ባዶ እጅ ይሻል ነበር የምልበት ጊዜ አለ። ባዶ እጅ ሲቆሽሽ ይቀፋል፤ የቀፈፈው ሰው ደግሞ ሮጦ ይታጠባል። ጓንት ያጠለቀ ግን አይቀፈውም። በዚያው እጅ ስልክ ያነሳል፣ ሻሹን ያስተካክላል፣ ቁልፍ ይፈልጋል። አንድ ቀን አንዷ በጓንቷ ዳቦ ስትቆርስ ደርሼባታለሁ። የማንን ገላ አጥባ እንደመጣች አልጠየቅኩም። ፈራሁ።

አንድ ጓንት ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሥራ ነው። ሰውየው ያው ቢሆንም ዳይፐር ቀይረሽ አፍ ልታጸጂ ከሆነ ጓንቱ ይቀየራል። ታጥቦ ወይም ሳኒታይዘር ተቀብቶ ለሚቀጥለው ሰው አይውልም። ሲወልቅ ውጪው ወደ ውስጥ እየተገለበጠ ነው። ከወለቀ በኋላም እጅ ይታጠባል፤ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ሲያወልቁትም እጅ ይነካካል። «ጓንት ተወዷል፣ የቀረን አንድ ካርቶን ነው» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ ካርቶኑን የምቆጥረው እኔ ነኝ። ግን ቁጠባው እዚህ ላይ አይደለም። ፀጉር ለማበጠር፣ ጋቢ ለመደረብ፣ እጅ ይዞ ለማጫወት ጓንት ምን ይሠራል? ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ አክታ ወይም ቁስል ከሌለበት የታጠበ እጅ ይበቃል። ለሰላምታ ጓንት ማድረግ ሽማግሌውንም ያስከፋል።

ስለ መታጠብ ካነሳን፣ ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የቧንቧው ውሃ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ጣት ነከር ነከር ተደርጎ ይወጣል። እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። ደግነቱ ለእጅ ቀዝቃዛውም ውሃ እንደ ሙቁ ያጸዳል። ሥራውን የሚሠሩት ሳሙናውና መታሸቱ ናቸው። በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በሳኒታይዘር እስኪደርቅ ድረስ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው። አውራ ጣትና የጣት ጫፍ ሁልጊዜ ይረሳሉ። እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ ሳኒታይዘር ይበቃል፤ ከብርዱም ይገላግላል። ቤቱ ውስጥ ተቅማጥ ሲገባ ግን አትመኑት፤ አልኮል በቅጡ የማይገድላቸው የተቅማጥ ተዋሲያን አሉ። ያኔ ሳሙናና ውሃ ብቻ።

ምስማር ላይ የተሰቀለችው የጋራ ፎጣ ደግሞ ዛሬውኑ ትውረድ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና አገር ውስጥ ገባ ሲባል በየበሩ ጀሪካን ከነቧንቧው ተደርድሮ ነበር። አሁን ጀሪካኑ የት ገባ?

በመስኮት ነገር ብዙ አልቆጣም፤ ምክንያቱ ይገባኛል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለበት ከተማ ነው። እማማዎቹ ራሳቸው «ዝጊው ልጄ፣ ነፋስ ይመታኛል» ይላሉ። ነገር ግን ስድስት ሰው በተኛበት ክፍል አንዱ ሲያስል፣ መስኮት ከተዘጋ ያንኑ አየር ሲቀባበሉ ያድራሉ። ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ትይዩ ያሉትን መስኮቶች ክፈቱ። ጋቢ ደርቡላቸው፣ አልጋውን ከነፋሱ መንገድ ዘወር አድርጉ፣ የሚችሉትን ፀሐይ አውጧቸው። ሁለት ሳምንት የሞላው ሳል ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር። «የእርጅና ሳል» የሚባል በሽታ አልተማርኩም።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ። አንድ ዓመት እከክ ገባብን። የሚያክካቸው አራት ሰዎች ነበሩ። አራቱን ለይቼ መድኃኒት ቀባሁ፣ የቀሩት ደህና ናቸው አልኩ። የቀባሁትም ከአንገት በታች ብቻ። ወር ከምናምን አለፈና ክፍሉ በሙሉ ማከክ ያዘ። ቀጥሎ ሁለት ተንከባካቢዎች። ቀጥሎ እኔ! ሌሊት ተነስቼ በጣቶቼ መሃል ስፎክት ነው ጥፋቴ የገባኝ። እከክ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ግን ምንም ሳይሰማው ያስተላልፋል። ስለዚህ የሚያክከውም የማያክከውም፣ ያገላበጣቸው ሠራተኛም፣ በአንድ ቀን ይቀባል። አረጋውያን ላይ ዓይንና አፍ ሲቀር ፊትና ጭንቅላትም፣ የጥፍር ሥርም አይቀርም። አንሶላና ልብሱም በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ ይታጠባል።

አንድ የመንዝ አባት ታዲያ ባናቸውን አልሰጥም አሉ። ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራች፣ እንደ ድንጋይ የምትከብድ ባና። ሙቅ ውሃ ውስጥ ብትገባ ትኮማተራለች፤ ሳትጸዳ ብትመለስ እከኩን መልሳ ታመጣለች። በትልቅ ፕላስቲክ ከረጢት አድርገን አፉን ጥርቅም አድርገን አሰርነውና አንድ ሳምንት አቆየናት። የእከኩ ተባይ ከሰው ገላ ተለይቶ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። አባት በየቀኑ «ባናዬን ቀበራችኋት?» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ከረጢቱን ከአልጋቸው ትይዩ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። እያዩት ተረጋጉ።

አዲስ ሰው ሲገባም የልብሱን ስፌት ተመልከቱ፤ የገላ ቅማል የሚደበቀው እዚያ ነው። ግርሻና ተስቦ የሚያመጣው እሱ ነው። ብቻ ሰውየውን በሰው ፊት አታሳፍሩት።

በረኪና ላይ ሦስት ስህተት በአንድ ባልዲ አያለሁ። ትውከቱ እንዳለ ይደፉበታል፤ ቆሻሻው የክሎሪኑን ጉልበት ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ይጠረግ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ በረኪናው 10 ደቂቃ ይቆይበት። ሁለተኛው በዓይን መለካት ነው። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ከሆነ፣ ደምና ሰገራ ለነካው ቦታ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ፤ ለጠረጴዛና ለበር እጀታ 1 በ49 ይበቃል። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ፤ የትናንቱ ጉልበት የለውም። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ከቀላቀላችሁት ደግሞ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሦስተኛው፣ በባዶ ሃይላንድ ሞልቶ የአልጋ አጠገብ ኮመዲኖ ላይ መርሳት። ዓይናቸው የደከመ ሰው ውሃ ነው ብለው ሊያነሱት ይችላሉ። እጃቸው ላይ ደርሼ የነጠቅኩበት ቀን አለ፤ እስከ ዛሬ ሲታወሰኝ ጉልበቴ ይከዳኛል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ምላጭና የጥፍር መቁረጫ በየስማቸው ይሁን። የስኳር መመርመሪያ መውጊያውም ከሰው ሰው አይዞርም፤ መርፌው ቢቀየር እንኳ፤ የጉበት ቫይረስ በዚህ መንገድ ይዛመታል። በቱቦ ለሚሸኑት የሽንት ከረጢቱ ከሽንት ፊኛ በታች ይሰቀል እንጂ መሬት አይጎተት፣ ሰው ሲጓጓዝም ሆዱ ላይ አይጫን። የሽንት ቤቱ መወልወያ መኝታ ክፍል አይገባም። መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ።

«ትኩሳት የላቸውም» ብሎ መሄድ ግን ቶሎ የሚታለፍ አይደለም። ያረጀ ገላ ብዙ ጊዜ አያተኩስም። ትናንት ስሜን ጠርተው የመረቁኝ እማማ ዛሬ «ማን ነሽ?» ካሉ፣ ምግብ እምቢ ካሉ፣ ሳይታሰብ ከወደቁ፣ ያ ሕመም ሊሆን ይችላል። የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሐኪሙ የሚያያቸው በወር አንዴ ነው። ንገሩት።

ታሞ ሥራ መግባትም አለ። «ማን ይሸፍንልኛል?» ነው ነገሩ፤ ደመወዝ የሚቆርጥ ኃላፊም ጥፋተኛ ነው። ተቅማጥና ትውከት ከያዛችሁ ከቆመላችሁ በኋላ ሌላ 48 ሰዓት ቤት ቆዩ።

በበዓል ቀን ጠያቂ ይበዛል። ድፎ ይመጣል፣ ጠላ ይመጣል፣ መሳሳም ነው፣ መጎራረስ ነው። ይህን ከልክሉ አልልም፤ ዓመቱን የሚጠብቁት ለዚህች ቀን ነው። በር ላይ እጅ አስታጥቡ፣ የሚያስለውን ጠያቂ ለሌላ ቀን መልሱ፣ ኩባያውን ለየብቻ አድርጉ። የአረጋውያኑን እጅም አስታጥቡ። የእኛን ስናጥብ የእነሱን እንረሳለን፤ በእጃቸው የሚበሉት ግን እነሱ ናቸው።

ከቆላ የመጡ አንዲት እማማ አሉን። ሁልጊዜ ማታ ሳልመረቅ አያሰናብቱኝም። ምርቃቱ «እንትፍ፣ እንትፍ» አለው። የጉንፋን ሰሞን ማስክ አድርጌ ጎንበስ ስል ማስኩን በጣታቸው ሳብ ያደርጉና «ይቺን አውልቂያትና ልመርቅሽ» ይላሉ። አላወልቅም። ግንባሬን እሰጣቸዋለሁ። ግንባሬን ይመርቃሉ፣ እኔ እጃቸውን አስታጥባለሁ፣ ከዚያ የራሴን ታጥቤ ወደሚቀጥለው አልጋ እሄዳለሁ።