የቅንብር ፋይል ሲሳሳት ፕሮግራማችሁ ምን ያድርግ?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላሉ የእንግዳ ማረፊያዎች በትእዛዝ መስመር የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን እጽፋለሁ። የዕለት ገቢ ሪፖርት ያወጣሉ፤ ሌሊት የመዝገብ ቅጂ ያስቀምጣሉ። ባለቤቱ የሚፈልገውን የሚነግራቸው በአንዲት የቅንብር ፋይል ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ውስጥ የማይሆን እሴት ሲገባ የሚወሰደውን እርምጃ እንደ ትርፍ ሥራ አላየውም።

ከሁሉ በፊት፦ ፕሮግራሙ ያልተረዳውን እሴት በዝምታ በነባሪ (ፕሮግራሙ ራሱ አስቀድሞ በያዘው እሴት) አትተኩ። አንድ ማረፊያ ሌላ ቦታ ያሠራው የቅጂ ፕሮግራም ነበረው። ሒሳቡን የሚይዙት የአቋቋም ትምህርት የጨረሱ መሪጌታ ናቸው፤ በግእዝ ቁጥር መጻፍ የዕለት ልማዳቸው ነው። ቅጂው ስንት ቀን ይቆይ ለሚለው «፴» ብለው ሞሉ። ፕሮግራሙ ማንበብ አልቻለም፤ ነገር ግን ትንፍሽ ሳይል የራሱን ነባሪ 7ን ወሰደ። ጥር ሲያልቅ የጥምቀት ሰሞን መዝገብ ተበላሽቶ ከቅጂው ይመለስ ሲባል፣ ከሰባት ቀን በፊት የነበረው ሁሉ ተጠርጎ ተገኘ። መሪጌታ ምንም አላጠፉም። ፴ ቁጥር ነው።

ነባሪ እሴት ባዶ ለተተወ ቦታ ነው። ሰው ሞልቶት ያልተነበበ ከሆነ ግን ሰውየው የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነውና ፕሮግራሙ ይቁም፤ ሲቆምም እንዲህ ይበል (ያምል የቅንብር ፋይሉ የተጻፈበት ቅርጸት፣ YAML፣ ነው)፦

ስህተት፦ ቅንብር.ያምል፣ መስመር 7
የተጻፈው፦ የቅጂ_ዕድሜ: ፴
የሚጠበቀው፦ ከ1 እስከ 365 ያለ ሙሉ ቁጥር፣ ከ0 እስከ 9 ባሉት አሃዞች
ለማስተካከል፦ የቅጂ_ዕድሜ: 30
ምንም ፋይል አልተነካም።

የመጨረሻዋን መስመር አትተዉአት፤ ሌሊት የተጠራ ሰው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነው። እውነት እንድትሆን ደግሞ ቅንብሩ በሙሉ መረጃ ከመነካቱ በፊት መመርመር አለበት። አምስት ስህተት ካለ አምስቱም በአንድ ጊዜ ይነገሩ። እሴቱ ከፋይሉ ሳይሆን ከኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከፕሮግራሙ ውጭ በኮምፒውተሩ ላይ ከተቀመጠ እሴት) ወይም ከትእዛዙ ከራሱ መጥቶ እንደሆነም ምንጩ ይጠቀስ፤ አለዚያ ሰው ስህተት የሌለበትን ፋይል ሲያገላብጥ ይውላል።

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ «፴» ቁጥር ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አዎ ይላል፤ ወደ ሙሉ ቁጥር ለውጥ ሲባል ግን እምቢ ይላል። ስለዚህ ፍተሻውን በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አትመሥርቱ። የግእዝ ቁጥር እንቀበል ካላችሁም ፻፳ን 120 ብሎ እስከ ማንበብ ድረስ ሙሉ አድርጋችሁ ሥሩት፤ ግማሽ መንገድ የሄደ ከማይቀበለው ይብሳል።

ከዚህ የሚከፋው ቅርጹ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ የተሳሳተ እሴት ነው። «የሪፖርት_ሰዓት: 12:00» ብሎ የሚሞላ የእኛ አገር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ማታ 12 ሰዓትን ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚረዳው ቀትርን ነው። የያምል 1.1ን ደንብ የሚከተል አንባቢማ በ60 ቤት የተጻፈ ቁጥር መስሎት 12 ጊዜ 60፣ ማለትም 720 ያደርገዋል። ስለዚህ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» የሚል ቃል አብሮ ካልተጻፈ ሰዓቱን አልቀበልም። ከተቀበልሁ በኋላም ፕሮግራሙ ሲነሳ «ሪፖርቱ ማታ 12 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 18:00፣ ይወጣል» ብሎ ያሳያል። ቀን ላይም እንዲሁ ነው፤ 13ኛ ወርን ስህተት ነው የሚል ፍተሻ ጳጉሜን አያውቅም። ጳጉሜን 6 በ2015 ዓ.ም. ትክክለኛ ቀን ነበር፤ በ2016 ግን አልነበረም። ወሩን ብቻ ሳይሆን ዓመቱንም አብራችሁ መርምሩ።

በአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ አቀማመጥ የሚጽፍ ሰው «:» ያለ መስሎት «፡» ይጽፋል። በዓይን አይለዩም፤ ለያምል ግን ሁለተኛው ተራ ፊደል ነው። አንባቢው ጥፋቱን ሌላ መስመር ላይ ሊያላክክ ስለሚችል፣ ፋይሉን ለእሱ ከመስጠታችሁ በፊት ከቅንብር ስም ቀጥሎ የመጣ «፡» ካለ ፈልጉና በስሙ ጠርታችሁ ተናገሩ። «የሪፖርት_ሠዓት» እና «የሪፖርት_ሰዓት» ደግሞ ለሰው አንድ ናቸው፤ ከማወዳደራችሁ በፊት ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ፀን ወደ ጸ መልሱ። ከዚያ በኋላም የማይታወቅ ስም ካለ አትለፉት፤ ጊት የተባለው የፕሮግራመኞች መሣሪያ ትእዛዝ ሲሳሳትበት እንደሚያደርገው ቅርቡን ስም ጠቁሙ።

እውነትና ሐሰት ላይ አጭር ማስጠንቀቂያ፦ በፓይተን ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ እውነት ስለሆነ፣ «ሐሰት» የሚለው ጽሑፍም በቀጥታ ሲለወጥ እውነት ይሆናል። የተፈቀዱትን ቃላት ዘርዝሩ፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለውን አትቀበሉ።

መልእክቱ ለስህተት በተለየው፣ ስታንዳርድ ኤረር በሚባለው መውጫ ይውጣ፤ ከሪፖርቱ ጋር አይቀላቀል። ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚመልሰው ቁጥር፣ የመውጫ ኮዱም፣ 0 አይሁን፤ 0 «ተሳክቷል» ማለት ነውና። በዩኒክስ ልማድ 78 የቅንብር ስህተት ምልክት ስለሆነ እኔ እሱን እጠቀማለሁ፤ ፕሮግራሙን ሌሊት የሚጠራው ክሮንም (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ሆነ ስክሪፕት ሥራው እንዳልተሳካ ያውቅበታል።

ሳይሠራ የሚመረምር ትእዛዝም ጨምሩ። ኤንጂንኤክስ የተባለው የድር አገልጋይ ፕሮግራም ቅንብሩን ብቻ ፈትሾ የሚነግርበት አማራጭ አለው፤ የእኔም ፕሮግራሞች «መርምር» ሲባሉ ቅንብሩን አንብበው ውጤቱን ተናግረው ይወጣሉ። ማረፊያዎቹ ፋይሉን በለወጡ ቁጥር፣ ማታ ከመዝጋታቸው በፊት ይህንን ትእዛዝ ያስኬዳሉ።