በላብራቶሪ እንስሳት ቀዶ ጥገና ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች፦ ደሴና አካባቢዋ ለሚሠሩ

የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ምላጭ ከመነሳቱ ቀናት ቀድሞ ነው። ከባቲ የሰኞ ገበያ የተገዛ ፍየል ደሴ በገባ ማግስት ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ከቆላ ወደ ደጋ ብርድ የመጣ፣ ጉዞ ያደከመው፣ የሳንባው ጤንነት ያልታወቀ እንስሳ ማደንዘዣን በቀላሉ አይቋቋምም። ቢያንስ 7 ቀን ይረፍ፤ አተነፋፈሱና የሰውነቱ ሙቀት በየቀኑ ይመዝገብ። ክብደቱም በሚዛን ይታወቅ፤ በዓይን ግምት መድኃኒት አይሰጥም።

ሁሉንም እንስሳ በአንድ ሕግ ማስራብም ስህተት ነው። በግና ፍየል ከ12 እስከ 24 ሰዓት መኖ ይከለከላሉ፤ ካልሆነ ሆዳቸው ይነፋል፣ ወደ ጉሮሮ የተመለሰው መኖም ሳንባ ይገባል። አይጥ ግን ማስመለስ ስለማይችል ማስራቡ የደም ስኳሩን ያወርዳል እንጂ አይጠቅምም።

የመጠን ስህተት ይገድላል። ዛይላዚን (የሚያረጋጋና የሚያፈዝ መድኃኒት) ለአይጥ ከኬታሚን (ከሚያስተኛ ማደንዘዣ) ጋር በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ለበግ ግን በጡንቻ በኪሎ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊግራም ይበቃዋል። በግና ፍየል ለሊዶኬይንም (የተወጋበትን ቦታ ብቻ ለሚያደነዝዘው መድኃኒት) ስስ ናቸው፦ በኪሎ 5 ሚሊግራም ጣሪያ ከተያዘ፣ ለ30 ኪሎ በግ ባለ 2 በመቶው ከ7.5 ሚሊሊትር አይበልጥም። ሰፊ ቦታ ማደንዘዝ ካስፈለገ ንጹሕ ሳላይን (ለመርፌ የተዘጋጀ የጨው ውኃ) እኩል ለእኩል ቀላቅሎ ማቅጠን ነው። ኬታሚንን ብቻውን ሰጥቶ ሆድ መክፈት ደግሞ ጭካኔ ነው፤ እንስሳው ጡንቻው ተገትሮ ይተኛል እንጂ ሕመሙ አልጠፋም። ከመቅደድ በፊት የኋላ እግሩን ጣት ቆንጥጡ፤ እግሩን ከሳበ ጠብቁ።

መሣሪያ ቀቅሎ «ንጹሕ ነው» ማለት የትም ቢሆን ስህተት ነው፤ ደሴ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ የባክቴሪያ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋመው የባክቴሪያ ዘር) አይሞትም። አውቶክሌቭም (በግፊት በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ዕቃ) ቢሆን የግፊት መለኪያውን ብቻ አይቶ መተማመን አይገባም። መለኪያው 15 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲያሳይ በባሕር ወለል 121 ዲግሪ ይሆናል፤ እዚህ ግን የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ውስጡ 116 ገደማ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 19 ይፈልጋል። ዕቃው ያን ግፊት እንዲችል ካልተሠራ ግፊቱን አትጨምሩ፤ ጊዜውን ቢያንስ ወደ 30 ደቂቃ አስረዝሙ። አየሩ ሳይወጣ ቫልቩን መዝጋትም ሙቀቱን ያጎድላል።

ብርዱ ሌላው ገዳይ ነው። የተላጨና በአልኮል የራሰ አይጥ ደሴ ክፍል ውስጥ በደቂቃዎች ይቀዘቅዛል። ጠባብ ቦታ ብቻ ላጩ፤ 37 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ ምንጣፍ ከሥሩ አንጥፉ፤ በላዩም ጨርቅ ጣል አድርጉ። ዓይኑ ክፍት ስለሚቀር ቅባት ያስፈልገዋል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የሕመም ማስታገሻን «ሲያቃስት እንሰጠዋለን» ብሎ ማቆየት ነው። በግ አያቃስትም። ጥርሱን ያፋጫል፣ ማመስኳት ያቆማል፣ ከመንጋው ይርቃል። አይጥ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ በዓይኑ ዙሪያ ቀይ ፈሳሽ ይታያል። የሕመም ማስታገሻው ሜሎክሲካም ከቀዶ ጥገናው በፊት ይሰጥ፤ በኋላም ቢያንስ ለ2 ቀን ይቀጥል። በጉ እስኪነቃ በደረቱ ተደግፎ ይተኛ፤ በጎኑ ከቀረ ይነፋል።

አንዱን እንስሳ «ወጪ ለመቆጠብ» ለሁለት ለሦስት የተማሪ ልምምድ ደጋግሞ እየቀደዱ ማስነሳት አይገባም። ስፌት በቄራ ቆዳና አንጀት ይለመዳል። ከመነሻ ክብደቱ 20 በመቶ የቀነሰ ወይም መብላት ያቆመ እንስሳ መቼ ያለ ሥቃይ እንደሚገደል፣ ውሳኔውንም ማን እንደሚሰጥ፣ ቀዶ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ።