አዲስ ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ሲቀላቀል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቀፊራ ገበያ ሁለት ቄብ ዶሮ ገዝቶ፣ እግራቸውን ፈትቶ፣ በቀጥታ ግቢ ካሉት መሐል መልቀቅ በድሬዳዋ የተለመደ ነው። ወዲያው ለሚነሣው ጠብ መልሱ «ይለማመዳሉ» ነው። አንዳንዶቹ በእርግጥ ይለማመዳሉ። ሌሎቹ ግን ዓይናቸው ይጠፋል፣ በውኃ ጥም ያልቃሉ፤ ትንሽ ትዕግሥት ቢኖር ብዙዎቹ ይተርፉ ነበር።

በገዙበት ቀን መቀላቀል

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ግቢውን የሚፈጀው ጠቡ ሳይሆን በሽታው ነውና። ገበያ ላይ ከየአቅጣጫው የመጡ ዶሮዎች ተደባልቀው ይውላሉ፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ይብሳል። ፈንግል የያዛት ዶሮ ምልክት እስክታሳይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ ዛሬ ደህና መስላ የገባችው በሳምንቱ ነባሮቹን ልትጨርስ ትችላለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። አዲሶቹን ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ከተቻለ አንድ ወር፣ ራቅ ባለ ቦታ ለብቻቸው ያቆዩ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ለነባሮቹ፣ ቀጥሎ ለአዲሶቹ መኖ ይስጡ፤ እጅና ጫማም በሽታ ያሻግራሉ። በዚህ ጊዜ ያስከትቧቸው። በመጠጥ ውኃ የሚሰጠውን ክትባት ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ መበጥበጥ ግን ክትባቱን ከንቱ ያደርገዋል።

ሳይተያዩ ማገናኘት

ዶሮዎች ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ የሚወስን ጥብቅ የማዕረግ ተራ አላቸው። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ ኤበ ይህን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ገልጾታል። አዲስ ዶሮ ስትመጣ ተራው ሁሉ እንደገና ይደለደላል፤ መነቃቆሩን ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም፣ ማለዘብ ግን ይቻላል። ለአንድ ሳምንት ያህል በወንፊት ሽቦ ለይተው ጎን ለጎን ያውሏቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጠብ አጭር ይሆናል።

አንዲትን ብቻዋን ማስገባት

የመንጋው ቁጣ በሙሉ እርሷ ላይ ያርፋል። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይግቡ።

አንድ የውኃ ዕቃ

ስለ ድሬዳዋ ሲሆን ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ማዕረጓ ዝቅተኛ የሆነች ዶሮ ወደ ዕቃው በቀረበች ቁጥር ትነቆራለች፤ በመጨረሻ መቅረቡንም ትተዋለች። ደጋ ላይ ይህ እንቁላል ያስቀንስ ይሆናል፤ በግንቦትና በሰኔ፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ግን ይገድላል። ዶሮ ላብ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው፣ ሲያለከልኩ ደግሞ ውኃ ከሰውነት ይወጣል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ዕቃ፣ አንዱ ካለበት ሌላው በማይታይበት ጥግ፣ ሁሉም ጥላ ሥር ይቀመጡ። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን ውኃ ዶሮ አትጠጣውም፤ የሸክላ ዕቃ ይሻላል። መኖውንም በተመሳሳይ መንገድ ይበትኑት።

በቀትር መልቀቅ

ሙቀትና ጠብ አንድ ላይ መምጣት የለባቸውም። ሲመሽ፣ ነባሮቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ፣ አዲሶቹን በቀስታ አጠገባቸው ያስቀምጡ፤ በጨለማ ዶሮ አትጣላም። ንጋት ላይ ግን ከእነርሱ በፊት ተነሥተው በሩን ይክፈቱ፤ ጠባብ ቤት ውስጥ የነጋባቸው ዶሮዎች መሸሻ የላቸውም።

ጫጩቶችን ከእንቁላል ጣዮች ጋር ማዋል

በቁመት እስኪተካከሉ ይጠብቁ። ለእንቁላል ጣይ የሚዘጋጀው መኖ ካልሲየም ስለሚበዛበት የልጅ ዶሮን ኩላሊት ይጎዳል።

ደም እየታየ ዝም ማለት

ላባ ቢነቀል፣ አንዷ ሌላዋን ብታባርር፣ ጣልቃ አይግቡ። ደም ከታየ ግን ወዲያው ይለዩ፤ ቀይ ነገር ሌሎቹንም ይጠራል፣ ተረባርበውም ይገድሏታል። የቆሰለችውን አክመው ቁስሏ ሲደርቅ ይመልሷት። አንዲት ነባር ዶሮ አላስቀምጥ ካለች ደግሞ ተጠቂዋን ሳይሆን እርሷን ለሦስት ለአራት ቀን ያውጧት። ስትመለስ እንደ አዲስ ገቢ ስለምትቆጠር ጉልበቷ ይቀንሳል።